ወንዙ ጥልቀቱ ስንት ነው?

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ግን በመኪና ነው የሄድኩት፤ ሀዋሳ፣ ዲላ፣ ቡሌ ሆራ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ እያልኩ፤ ከዚያም በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ሌላ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ። «ገንዘብ ለመቆጠብ ነው?» ያሉኝ ነበሩ። መንገድ ላይ ሲበሉና ሲያድሩ ተከርሞ ምኑ ይቆጠባል! ለማንም ያልነገርኩት ምክንያት የአክስቴ ልጅ ነው። በዚህ መንገድ ከሄደ አሥር ዓመት አልፎታል። እሱ ከሆሳዕና ተነስቶ፣ በደላላ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የሚሄደው። እኔ ባለፈው ነሐሴ የሄድኩት ማሳይ ማራ በሚባለው የኬንያ የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ እንስሳት ወንዝ ሲሻገሩ ለማየት ነው። ስጽፈው ራሱ ያሳፍራል።

ሞያሌ አንድ ከተማ ናት፤ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ። በዲሴምበር 2020 ዐቢይ አሕመድና ኡሁሩ ኬንያታ አብረው የመረቁት የጋራ ኬላ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ)። የሁለቱ ሀገር ሠራተኞች አንድ ጣሪያ ስር ተቀምጠው አንዱ የመውጫ፣ ቀጥሎ ያለው የመግቢያ ማህተም ይመታል። ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ካርድ አሳየሁ፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቪዛ ብሎ ነገር የለም፤ ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ከበሩ ወጥቼ መንገዱን ላቋርጥ ስል ባጃጅ ካልጠበቅሁት ወገን መጥታ ለጥቂት ሳተችኝ። ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። ሀገር መቀየሬን ያወቅሁት ከማህተሙ ይልቅ በዚያ ድንጋጤ ነው።

ሻይ አዝዤ ማህተሙን ሳይ ቆየሁ። የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለ ማህተም የለውም። ፓስፖርት ግን ነበረው! ደላላው «እኔ ጋ ይቀመጥልህ» ብሎ ወሰደበትና በሌሊት፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በቁጥቋጦ መሀል አሻገረው። በቀን፣ በበሩ፣ በነጻ ሊገባበት የሚችለውን ሀገር በጨለማ ከፍሎ ገባበት። ይህን ከዓመታት በኋላ በስልክ ስነግረው ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ማን ይነግረናል?» አለ በመጨረሻ።

ስለ ድንበር ጥበቃ የሰው አስተያየት ማጠራቀም የጀመርኩት ሳላስበው ነው፤ የመጀመሪያው የአክስቴ ነው። ልጇ ከሄደ በኋላ አራት ወር ድምፁ ጠፋ። በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት ቡና እያፈላች፣ ጀበናውን ብድግ እንዳደረገች ቆም አለችና «ምናለ እዚያው ሞያሌ ላይ ይዘው ባሰሩት» አለች። «ይሰሩት፣ ይግረፉት፣ ብቻ ይመልሱልኝ።» እኔ በጊዜው ድንበር ማለት ፈረንጅ በማስመሪያ ያሰመረው መስመር ነው፣ ይፍረስ፣ አፍሪካ አንድ ናት የምል ልጅ ነበርኩ። በዶርም ክርክር አንደኛ ነበርኩ። ለአክስቴ ግን የምመልሰው አጣሁ። አቦሉን ጠጥቼ ወጣሁ።

አውቶቡሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት የቦረና እናት ነጋዴ ናቸው። የእሳቸው አማርኛ ከእኔ ስዋሂሊ በብዙ ይሻላል። እህታቸው ሜጋ፣ ባላቸው ሶሎሎ፣ የመጨረሻ ልጃቸው ኢሲዮሎ ናቸው፤ ማለትም አንዷ ኢትዮጵያ፣ ሁለቱ ኬንያ። ድንበሩ አያስቸግርዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ግመል ተሰርቆ ስናለቅስ ድንበር አለ፣ መሻገር አንችልም ይሉናል። ስኳር ስንጭን ደግሞ ተሻግረው ይመጡብናል።» እሳቸው ድንበሩ እንዲፈርስ አይፈልጉም፤ ለሌባው እንዲጠብቅ፣ ለስኳሩ እንዲላላ ነው የሚፈልጉት። ፊታቸው ላይ ሀፍረት የሚባል ነገር የለም፤ ደግሞስ ለምን ይኖራል?

ምኒልክና እንግሊዞች ይህን መስመር በዲሴምበር 1907 ሲዋዋሉ ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ፣ በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ጎሳዎች እንደ ቀድሟቸው በማዶ ያለውን ግጦሽ መጠቀም እንደሚችሉና የውሃ ጉድጓዶቹም ለሁለቱም ወገን ክፍት እንደሆኑ ነው። ተሻግረው ሳሉ የሚገዙት ግን በደረሱበት ሀገር ሹም ነው። ይህን ያነበብኩት የዶርሙን ክርክር ካቆምኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሆን ትንሽ አሳፈረኝ። በማስመሪያ የተሰመረ ብዬ የናቅሁት መስመር ከብት የት እንደሚጠጣ ታስቦበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጨመሩት ስንቶቹ ሕጎች ከብቱን አስበውት ይሆን?

ከዚያ ኬላዎቹ ጀመሩ። አውቶቡሱ ይቆማል፣ አንድ ሰው ይወጣል፣ «ኪታምቡሊሾ!» ይላል። መታወቂያ ማለት ነው። መንገዱን የለመደ ተሳፋሪ ካርዱን ኪሱ አይከተውም፤ እንደ መቁጠሪያ በእጁ እንደያዘ ነው የሚጓዘው። እስከ ስድስተኛው ቆጠርኩ። የእኔን ፓስፖርት ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ይመልሱልኛል። አንዱ ብቻ ማህተሙን ጠጋ ብሎ አየና «ቱሪስት?» አለኝ፤ ሐበሻ ቱሪስት በአውቶቡስ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም።

ሰባተኛው ላይ፣ ሊመሽ ሲል፣ ከኋላ ወንበር ሦስት ልጆች አስወረዱ። ልጆች የምለው ከሃያ ስለማይበልጡ ነው። ከሞያሌ ጀምሮ ትንፍሽ አላሉም ነበር። አንደኛው በአጠገቤ ሲያልፍ ለጓደኛው በሹክሹክታ አንድ ነገር ተናገረ። ሀዲይሳ ብዙ አልችልም፣ ግን ሆሳዕና ገበያ መሀል ያደገ ሰው ዜማውን አይስተውም። ተነስቼ ምን እላለሁ? ያገሬ ልጆች ናቸው ልበል? እሱማ ነው ያስወረዳቸው። ፓስፖርቴን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ረዳቱ ወንበራቸው ስር የቀረ ፌስታል አገኘ። ፈትቶ አሸተተና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በሶ ነበር፤ በጨው የተለወሰ፣ እናት ለመንገድ የምታዘጋጀው ዓይነት። ዱቄት ነው፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል አልኩት። መስኮቱ ጥግ አስቀመጠው። ኢሲዮሎ ስንደርስ እዚያው ነበር።

ስለዚያ ኬላ ብዙ አስቤያለሁ። ያ ድንበር ጥብቅ ነው የሚባለው ወይስ ልል? ልጆቹ ሞያሌን አልፈዋል፣ ስድስት ፍተሻ አልፈዋል፣ ሰባተኛው ላይ ተይዘዋል። ስድስቱ ጋ ማን ምን እንዳገኘ አላየሁም። የአክስቴ ልጅ እንደሚለው ግን የደላላ ሒሳብ ከመነሻው ኬላዎቹን ቆጥሮ ነው የሚሠራው፤ ኬላ ሲጨመር ዋጋው ይጨመራል፣ ሥራው ግን አይቆምም። በግልጽ ወንበር ላይ መቀመጥ ያልቻለ ሰው ደግሞ እንደ ዕቃ ይጫናል። በማርች 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ ግዛት፣ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ናቸው። ከዚያ በፊት በ2012 ታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ ከአንድ የጭነት መኪና የተራገፈው አስከሬን ከ40 በላይ ነበር። በዲሴምበር 2022 ሉሳካ ዳርቻ የተጣሉ የ27 ሰዎች ሬሳ ተገኘ። እነዚህን ሁሉ ጥይት አልነካቸውም። አየርና ውሃ ነው ያጡት።

ናይሮቢን እዘላታለሁ፤ አንድ ቀን አደርኩባት፣ ዝናብ ነበር። ማራ የሚወስደው የሦስት ቀን የጋራ ጉዞ ነበር፤ ጣሪያዋ ወደ ላይ የሚነሳ ላንድክሩዘር ውስጥ ስድስት ሆነን። ወደ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ስንወርድ ማይ ማሂዩ ጋ መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። በ1942 የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው የሠሯት። ሹፌራችን «ጣሊያኖች» ብቻ ብሎ አለፈ። ከየት ተማርከው እንደመጡ እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ እኛን ሊገዙ መጥተው በእንግሊዝ እጅ የወደቁ ናቸው ብዬ። መኪናው ውስጥ ማንም አልገረመውም። እነሱም ድንበር ጥሰው ነው የመጡት፣ ያውም ያለ ደላላ።

ዊልደቢስት ለሚባለው እንስሳ አማርኛ ስም የለንም፤ ሀገራችን ውስጥ ስለሌለ ስም ማውጣት አላስፈለገንም። በስዋሂሊ ኙምቡ ይሉታል። ከፊት ጎሽ ልሁን ብሎ ጀምሮ ከወገቡ በታች ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል፤ ፂሙ የመነኩሴ ነው፣ ድምፁ ደግሞ ማኅበር ላይ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሽማግሌዎች። አንዱን ለብቻ ቢያዩት የሚያሳዝን ፍጥረት ነው። ችግሩ አንድ ሆኖ አለመገኘቱ ላይ ነው። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲና በኬንያው ማራ መሀል ሣርና ዝናብ ተከትሎ የሚዞረው መንጋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው፤ የሜዳ አህያውና ሚዳቋው ሳይቆጠር። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙው ከታንዛኒያ ወደ ኬንያ ይሻገራል፣ ተመልሶም ይሄዳል።

ለነገሩ ይህ መንጋ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው የቆየ ታሪክ አለ። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ዘመን፣ ከ1888 ጀምሮ፣ በምጽዋ በኩል በጣሊያን ጦር ከብቶች የገባው የከብት በሽታ የሀገሪቱን በሬ ጠራርጎ ፈጀው። ባለሙያዎቹ «ደስታ» ይሉታል፤ ክፉን በመልካም ስም መጥራት እናውቅበታለን። በሽታው ኢትዮጵያ ላይ አላበቃም። ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይን ከብት ጨረሰ፣ ሴሬንጌቲ ገብቶ ዊልደቢስቱንም ፈጀ። በ1961 ሲቆጠር መንጋው ሩብ ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዙሪያው ያሉ ከብቶች ተከትበው በሽታው ሲጠፋ በ1970ዎቹ መጨረሻ አንድ ሚሊዮንን ተሻገረ። በ2011 በሽታው ከምድር ላይ መጥፋቱ ታወጀ። አንድ ወደብ ላይ ያልተጠበቀ በር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። አንድ የታመመ በሬ ስለገባ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ወዲያ አንበሳ ጦሙን አደረ።

በሁለተኛው ቀን አስጎብኚያችን ሣሩ መሀል ከጉልበቴ የማይበልጥ የሲሚንቶ ምልክት ጋ ወሰደን። ወዲህ ኬንያ፣ ወዲያ ታንዛኒያ። አጥር የለም፣ ወታደር የለም። ይህ መስመር በ1886 ጀርመንና እንግሊዝ ከተዋዋሉት የመጣ ነው፤ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተነስቶ ወደ ባሕሩ ቀጥ ብሎ ይወርድና ኪሊማንጃሮ ጋ ሲደርስ ጎበጥ ይላል። ንግሥት ቪክቶሪያ ተራራውን ለልጅ ልጇ ለጀርመኑ ንጉሥ በልደት ስጦታ ስለሰጠችው ነው የሚለው ወሬ ተረት ነው፤ ግን ሁሉም አስጎብኚ ይናገረዋል፣ የእኛውም አልቀረም። አብረውን የነበሩት ሁለት ሆላንዳውያን አንድ እግራቸውን ታንዛኒያ፣ አንድ እግራቸውን ኬንያ አድርገው ፎቶ ተነሱ። እኔም ተነሳሁ። ልዋሽ አልችልም።

ደስ የሚለው ነገር ምንድን ነው፣ ከዚያ ምልክት አልፎ መሄድ የሚፈቀደው ለእንስሳቱ ብቻ ነው። በፌብሩዋሪ 1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር ሲፈርስ ታንዛኒያ ድንበሯን ዘጋች። ከስድስት ዓመት በኋላ ሌሎቹ በሮች ሲከፈቱ ማራንና ሴሬንጌቲን በቀጥታ የሚያገናኘው በር ለቱሪስት እንደተዘጋ ቀረ። ዊልደቢስቱ በሩብ ሰዓት የሚሻገረውን መሻገር የሚፈልግ ጎብኚ ወደ ኢሴባኒያ ኬላ ዞሮ፣ ቀኑን ሙሉ ተነድቶ፣ ማህተም አስመትቶ ነው የሚገባው። ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ባሉት ወራት የውጭ ዜጋ ለማራ መግቢያ በቀን 200 ዶላር ይከፍላል፤ ታንዛኒያ ደግሞ የራሷን ትጠይቃለች። በ2017 ከኬንያ በኩል ሣር ፍለጋ የተሻገሩ ከ1,300 በላይ የማሳይ ከብቶችን ታንዛኒያ ይዛ በሐራጅ ሸጠቻቸው። በዚያው ሰሞን የድንበር ከተማዋ ናማንጋ ላይ የተያዙ 6,400 ጫጩቶች በበሽታ ስጋት ተቃጠሉ። ያው መስመር ነው እንግዲህ፤ ለአንዱ ሣር፣ ለአንዱ ሐራጅ፣ ለአንዱ እሳት።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን አንደኛው ሆላንዳዊ «ተፈጥሮ ድንበር አታውቅም» አለ። እንስሳቱን ተመልከቱ፣ ሰውም እንዲሁ መሆን ነበረበት፣ ድንበር ጥበቃ የሚባለው ሁሉ ፍርሃት ነው አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀን ላይ ውሃውን አካፍሎኛል። ግን ያ ቃል የራሴ የዶርም ቃል ነበርና ከእሱ አፍ ስሰማው ጎረበጠኝ። በእሱ ፓስፖርት የዓለምን አብዛኛውን ሀገር ያለ ቪዛ ይገባል። ድንበር ለእሱ እንደ አየር መንገድ ምግብ ነው፤ አስቸጋሪ፣ አጭር፣ የሚረሳ። የእሱ ሀገር ቪዛ ለእኔ ስንት ወረቀት እንደሚጠይቅ ልቆጥርለት ብዬ ተውኩት፤ እሳቱ ደስ ይል ነበር።

የነገርኩት ሌላ ነገር ነው። ጋምቤላ የሚባል ቦታ እንዳለን፣ ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባል እንስሳ ከደቡብ ሱዳን እየተነሳ በሚሊዮን ወደሚቆጠር መንጋ ተዋህዶ እንደሚሰደድ፣ በ2024 ይፋ በሆነው የአየር ላይ ቆጠራ መሠረት በዚያ ምድር የሚንቀሳቀሰው የሜዳ እንስሳ 6 ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ ከዚህ ከማራው እንደሚበልጥ። አላመነኝም። ከፊሉ መንጋ በየዓመቱ ወደ ኢትዮጵያ ይዘልቃል። (እኔም በዓይኔ አላየሁትም። 200 ዶላር ከፍዬ የሰው ሀገር ስመለከት የእኛውን ገና አልሄድኩበትም፤ ይህንንም ልብ አልኩ።) ከዚያ ደግሞ፣ በዚያው ድንበር በኩል በኤፕሪል 2016 የታጠቁ የደቡብ ሱዳን የሙርሌ ጎሳ ሰዎች ተሻግረው ከ200 በላይ ሰው እንደገደሉ፣ ከ100 በላይ ሕፃናት እንደወሰዱ ነገርኩት። ከብቱንም ነዱት። ቆርኬው የሚያልፍበትን ሣር ነው የረገጡት። ድንበር ጥበቃ ፍርሃት ነው ካልከኝ፣ አዎ ነው፤ ጋምቤላ ያለች እናት የምትፈራው ግን ምናብ አይደለም። እሱም አሰበበት፣ እንጨት ጨመረ።

አጥርስ? አጥርን ሞክረውታል። ቦትስዋና ገና በእንግሊዝ ሥር ሳለች በ1958 ኩኬ የሚባለውን ረጅም አጥር ያጠረችው የከብት በሽታ እንዳይዛመት፣ ሥጋዋንም ለውጭ ገበያ እንድትሸጥ ነበር። ምክንያቱ ምክንያት ነው፤ ከደስታ በሽታ በኋላ ማን ይወቅሳታል? ግን በ1980ዎቹ ድርቅ የካላሃሪ ዊልደቢስት ውሃ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሲነሳ ሽቦው ላይ ደረሰ። ሽቦውን ተከትሎ ሄደ፣ ሄደ፣ በአሥር ሺዎች እየሆነ እዚያው ረገፈ። አጥሩ አንድም ከብት ላይ አልጨከነም። ዊልደቢስቱን ያሰበው ግን አልነበረም።

ጠዋት ይህን ለአስጎብኚያችን አወራሁት። ማሳይ ነው፣ ሃምሳን የተሻገረ። እናቱ የተወለደችው ታንዛኒያ በኩል ነው። ከሰው ሁሉ ቀድሞ የወደድኩት በሰዓት ስለተግባባን ነው፤ ስዋሂሊም እንደ እኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው። ሆላንዳውያኑን «በስድስት ሰዓት እንነሳለን» ይላቸውና ዞር ብሎ ለእኔ በስዋሂሊ «አሥራ ሁለት» ይለኛል። ስለ ድንበሩ ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ የቦረናዋን እናት መልስ ይመስላል፤ ለአማቾቹ ይከፈት፣ ለከብት ሌባ ይዘጋ። እንዴት ይለያል ታዲያ? «ጠባቂው የሰፈሩን ሰው ካወቀ ይለየዋል» አለ። ከዚያ የወንዙን ማዶ እያሳየ ያወራኝ ነው በልቤ የቀረው። የማራ ትሪያንግል የሚባለውን ክፍል የሚጠብቁት ሰዎች ከሴሬንጌቲ ጠባቂዎች ጋር ተስማምተው አብረው ይቃኛሉ። ወጥመድ የሚያጠምድ አዳኝ ድንበሩን ዘሎ አመለጥኩ ብሎ አይተርፍም፤ ይከተሉታል። መንጋው ግን ሲያልፍ ማንም አያቆመውም። የሚጠብቁት ወጥመዱን ነው።

ይህን ስሰማ ሰባተኛው ኬላ ትዝ አለኝ። እዚያ የወረደው ልጅ ነው። ወጥመዱን ያጠመደው ሰው ምናልባት በዚያች ሰዓት ሌላ አውቶቡስ ላይ ሌሎች ሦስት እያሳፈረ ነበር። አሁን ድንበር ይፍረስ አልልም። ይጠበቅ እላለሁ፤ ግን በሩ ይብዛ፣ ብርሃን ይኑረው፣ ቪዛ እንደማያስፈልግ ሆሳዕና መናኸሪያ ላይ በትልቁ ይለጠፍ፣ ጠባቂውም ደላላውን ይከተል። ይህን የምለው ከአንድ የአውቶቡስ ጉዞና ከሦስት ቀን ሽርሽር ተነስቼ ነው፤ የኢሚግሬሽን ባለሙያ ቢያርመኝ አልከራከርም።

ሦስተኛው ቀን ተሻገሩ። ከሦስት ሰዓት በላይ ጠብቀናል። መንጋው ወንዙ አፋፍ ድረስ ይመጣል፣ የፊተኞቹ ውሃውን ያሸታሉ፣ ከኋላ ይገፏቸዋል፣ ድንገት አንዱ ይደነግጥና ሁሉም አቧራ አስነስተው ይመለሳሉ። አምስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሬዲዮው በስዋሂሊ ያጉረመርማል፣ አርባ የሚሆኑ መኪኖች ሞተራቸውን አጥፍተው ቆመዋል። በስድስተኛው ጥቂት የሜዳ አህዮች ገቡ። ከዚያ አርባውም መኪና አንድ ላይ ተነሳ። ሁሉም የተሻለ ፎቶ ፈልጎ ማዶው መውጫ ፊት ለፊት ሄዶ ተደረደረ፤ የእኛም ሹፌር ነበረበት፣ እኛም «ቀረብ በል» ያልነው ነን። እንስሳቱ የሚወጡበት ዝቅ ያለው ዳርቻ በመኪና ተዘጋ። ስለዚህ ወደ ጎን፣ ገደል ወዳለው በኩል ዞሩ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው። አዞ ነበር፤ ሁለት አይቻለሁ፣ አንዱ ጥጃ ይዞ ሰጠመ፣ ካሜራውም ሁሉ ወደዚያ ዞረ። እኔ የማልረሳው ግን ገደሉን ነው። ጭቃው ያንሸራትታል፤ የወጣው ተንሸራቶ ከኋላው ባለው ላይ ይወድቃል፣ ያም ከሥሩ ባለው ላይ፣ ከማዶ ግን መንጋው መግባቱን አላቆመም፤ ከፊት ምን እንዳለ የኋለኛው አያይም። አንዲት እናት ወጥታ ቆማ፣ ዞራ፣ ያን እንደ ሽማግሌ ጉሮሮ ያለ ድምፅ እያሰማች ቁልቁል ታያለች። ጥጃዋ ይኑር አይኑር አላወቅሁም። አስጎብኚው በዝግታ እንደነገረኝ ወንዙ ላይ ብዙውን የሚገድለው መስጠም እንጂ አዞ አይደለም። ስመለስ አጣርቼ ጥናቱን አገኘሁት፤ በየዓመቱ በአማካይ 6,200 ያህል ይሰጥማሉ፣ አዞዎች የሚበሉት ከዚያ ጥቂቱን ነው።

ማታ ኔትወርክ ሲመጣ ቪዲዮውን ለአክስቴ ልጅ ላክሁለት። አሁን ደቡብ አፍሪካ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለው። መጨረሻ የተሻገረው ድንበር ሊምፖፖ ወንዝ ነበር፤ ከዚምባብዌ በኩል፣ በሌሊት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ማጉማጉማ የሚሏቸውን ዘራፊዎች እየፈሩ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ፤ ያውም እየሳቀ። «ዋው» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። የድምፅ መልእክት መጣ። ከኋላው የሱቁ ፍሪጅ ይጮሃል፣ አንድ ሕፃን ዳቦ ይጠይቃል።

«ወንዙ ጥልቀቱ ስንት ነው?» አለ። ቀጥሎ ሌላ መልእክት፦ «አዞው የሚወስደው መጀመሪያ የገባውን ነው ወይስ መጨረሻ የሚገባውን?»

ብዙውን አዞ አይደለም የሚገድለው ብዬ ጻፍኩለት። መውጫው ጠቦባቸው፣ እርስ በርስ ተረጋግጠው ነው አልኩት። መኪኖቹ ዳርቻውን ዘግተውባቸው እንደነበር ለመጻፍ ጀምሬ አጠፋሁት።

ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች መጡ። ረጅም ጊዜ ምንም የለም። ልተኛ ስል ስልኬ በራ። «ከአዲስ አበባ ወደዚህ በፕሌን የሚመጣ ሰው ካገኘህ እማዬ በርበሬ አዘጋጅታለች፣ አምስት ኪሎ። ኤርፖርት ላይ አይከለክሉም አይደል?»